ጋሽ ይመር ባትሪ ሲለካ

ጋሽ ይመር መሞቱን የሰማሁት ኮምቦልቻ፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የአንድ ሹፌር ስልክ ስፈታ ነው። የደወለችልኝ የድሮ ጎረቤቴ ሮማን ናት፤ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር። «ሰናይት፣ ጋሽ ይመር እኮ አረፉ» አለች፤ ድምጿ ተሰብሯል። «ደግ ሰው አጣን። ቀብሩ ነገ ነው፣ ነይ እንጂ!»

ደግ ሰው! ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁና ስክሪኑን አየሁት፤ ምናልባት የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል ብዬ። ነፍስ ይማር ልል አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣ አለኝ። «እሺ፣ እናያለን» ብዬ ዘጋሁትና ደጅ ወጥቼ ምራቄን ቱ! አልኩ። ሹፌሩ ደንግጦ «እህቴ፣ ምነው?» ቢለኝ «ሰው ሞቶብኝ» አልኩት። ግራ ገባው።

የሞተን ሰው ማማት ነውር ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። ይበሉ። «እሳቸው» ብዬ እንድጠራውም ይፈልጋሉ። ዕድሜው ለአንቱታ ይበቃ ነበር፤ ሥራው ግን አልበቃም። በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት «እርስዎ» ብዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ ግን የለም፣ ጨርሻለሁ።

ያኔ ሁሉ ነገር ልማት የሚባልበት ዘመን ነበር። ሰፈሩ ኮብልስቶን ይነጠፍበታል፣ ወጣቱ በጥቃቅንና አነስተኛ ይደራጃል፣ ለተደራጀው ሼድ ይሰጠዋል። እኔም ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ተመርቄ ቧንቧ ውሃ ላይ ከቆርቆሮ ከተሠሩት ሼዶች አንዷን አገኘሁ፤ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። በቀኜ በኩል ያለችውን የያዘው ጋሽ ይመር ነው። ወጣት አልነበረም፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ለወጣት የተሰጠ ሼድ እንዴት እንዳገኘ የጠየቀው ሰው ግን የለም። ባትሪ ይሞላል፣ ይሸጣል፣ ይለውጣል። የመኪና በሉት፣ የሶላር በሉት፣ እሱ ጋ የማይገኝ ባትሪ አልነበረም። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ሲያስል እንኳ እሰማዋለሁ። አክታውንም ጭምር።

ከአንገቱ የማያወልቃት ቢጫ ቴስተር ነበረችው። ቴስተር ያቺ ሁለት ሽቦ ያላት፣ የባትሪውን ቮልት ለክታ በቁጥር የምታሳይ ዕቃ ናት። የሽቦዎቿ ጫፍ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ታዲያ ጋሽ ይመር በቀዩ መርፌ ጆሮውን ይጠርግ ነበር! እውነቴን ነው። ደንበኛ ፊት ቆሞ እያወራ መርፌውን ጆሮው ውስጥ ያሽከረክርና፣ ያወጣውን አየት አድርጎ፣ በሱሪው ጠርጎ፣ በዚያችው መርፌ የሰው ባትሪ ይለካል። ትንንሾቹን ባትሪዎች ደግሞ በምላሱ ይልሳቸዋል። «አለ፣ ቆንጠጥ ያደርጋል» ብሎ ምራቁ እንዳለበት ለባለቤቱ ይመልሳል። ምሳ ስበላ ይሄንን ካየሁ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

መሐላውም እንደ ደንበኛው ነበር። ሙስሊም ከመጣ «ወላሂ»፣ ክርስቲያን ከመጣ «በማርያም»። አንድ ቀን ሁለት ጓደኛሞች፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ፣ አብረው ቢመጡበት ትንሽ ተንተባተበና «በፈጠረን አምላክ» አለ። ግድግዳውን ተደግፌ በሳቅ ሞትሁ። ያኔ ገና ያስቀኝ ነበር።

የዘወትር አባባሉ አንድ ናት፤ «እኔ አይደለሁም የምናገረው፣ ቁጥሩ ነው።» ቴስተሯን ወደ ደንበኛው ዓይን አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሚስጥር ነው የሚላት።

አንዴ ከቦሩ ሜዳ አንድ ቄስ ያገለገለ ባትሪ ገዝተውት ሄዱ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ይመር፣ ቅዳሴው ሳይጋመስ ድምፁ ሞተብን» አሉት በትሕትና። ጋሽ ይመር ተቀብሎ ቻርጀር ላይ ሰካው። አባ ከደጅ አግዳሚው ላይ ሲጠብቁ ዋሉ። ሲነቅለው ወዲያው ቴስተሯን አስነክቶ «አባ፣ ቁጥሩ ይኸው! አሥራ ሦስት! አዲስ እንኳ እንዲህ የለውም። በማርያም ማጉያውን ያስፈትሹት» አላቸው። ደግመው መጡ፣ እንደገና ሞላ፣ እንደገና ለካ። በመጨረሻ ቄሱ ጥፋቱን በራሳቸው አድርገው፣ ስላስቸገሩት ይቅርታ ጠይቀው፣ መርቀውት ሄዱ። መርቀውት!

አመመኝ። ምክንያቱም ምን እንደሚሠራ ገብቶኛል። ያረጀ ባትሪ ከቻርጀር እንደተነቀለ ብትለካው ቁጥሩ ያምራል። ሥራ አልያዘም፣ አልተጫነም፤ ቁጭ ብሎ ስለ ኳስ ሲያወራ የሚፎክር፣ ሜዳ ሲገባ የሚያለከልክ ሰው በሉት። ባትሪ የሚለካው ሸክም ሲይዝ ነው። ይሄንን ጋሽ ይመር ከእኔ አሳምሮ ያውቃል። ለራሱ ባትሪ ሲገዛ አምፖል አብርቶበት ካልሆነ አይለካም። ለሰው ሲሸጥ ግን አምፖሏ ከጠረጴዛው ሥር ትገባለች።

«ጋሽ ይመር፣ እንዲህ አይለካም እኮ» አልኩት አንድ ቀን።

«ልጄ» አለኝ እየሳቀ፣ «አንቺ በወረቀት ነው የተማርሽው። እኔ በእጄ። ሻይ ልዘዝልሽ?»

ሻይ! የእሱን ሻይ ከምጠጣ የባትሪ ውሃ ብጠጣ ይሻለኝ ነበር።

ሰፈሩ ግን ይወደዋል። ለቅሶ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ድንኳን የሚተክል እሱ፣ ወንበር የሚደረድር እሱ፣ ዱዓ ላይ «አሚን» ብሎ የሚያደምቅ እሱ። በሰፈራችን ቅሬ፣ ማለት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ በሚቀብርበትና በሚረዳዳበት ማኅበር፣ ያለ ጋሽ ይመር የሚሆን ነገር የለም። በቅሬያችን ደንብ የጋራ ዕቃ ሲገዛ ከመሰጠቱ በፊት በቅሬው ባለሙያ እጅ ያልፋል። ድንኳን ከሆነ ልብስ ሰፊው፣ ወንበር ከሆነ አናጢው፣ ኤሌክትሪክ ነክ ከሆነ ጋሽ ይመር። አንዴ እሱ ካሳለፈው በኋላ ሌላ ሰው ደግሞ መፈተሽ ትልቅ ነውር ነው፤ ባለሙያውን ሌባ ማለት ነው። ደንቡ ጥሩ ነበር፤ ሰውየው ነው ያረከሰው።

አሁን ወደ ዘሃራ ልምጣ። እሷን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው።

ዘሃራ ከሼዶቹ ጀርባ ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ሁለቱም እግሮቿ አይታዘዙላትም። እናቷ እስከ ትልቅነቷ አዝላታለች። እጇ ግን ጉድ ነው! ቤት ውስጥ የሰፈሩን ልብስ እየጠቀመች የተማረችው ስፌት የሱቅ ይመስላል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለ የልብስ ስፌት ቤት ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ሲፈልግ ባለቤቲቱ የዘሃራን ሥራ አይታ ወደደችው። በእጅ የምትዞር አንዲት የስፌት መኪናም ነበረቻት። «መኪናዋን ላንቺ አደርጋታለሁ» አለቻት፤ «ግን ሰዓት አክብረሽ፣ በየቀኑ መምጣት አለብሽ። ካልቻልሽ ለሌላ እሰጣታለሁ፤ እኔም የተቀበልኩት ሥራ አለብኝ።»

ዘሃራ በሕይወቷ ከቤት ወጥታ ሠርታ አታውቅም። ያን ዳገት ደግሞ እናት በየቀኑ አዝላ አትወጣው፤ እሷም አርጅታለች። ቅሬው ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሄ «ይቺን ልጅ ካልረዳን ቅሬ መባላችን ለምን ነው?» አሉ። ሁሉም የአቅሙን አዋጣና ኮምቦልቻ ከአንድ ነጋዴ ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተገዛ። ያገለገለ ነው፣ ግን ደህና። በአይሱዙ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጣ።

የመጣ ዕለት ዘሃራን አስቀምጠን ሞከርነው። ያረቢ! ዳገቱን ሽቅብ እያፏጨ ወጣ፤ እኛ ከኋላ እየሮጥን መድረስ አቃተን። ልጅቷ ጫፍ ላይ ደርሳ ስትዞር ፊቷ በእንባ ረጥቦ ይስቅ ነበር። «እትዬ ሰናይት፣ ብቻዬን እኮ ነው የወጣሁት!» አለችኝ። ከወንበሩ ሥር ያሉትን አራት ባትሪዎችም ከፍቼ አየኋቸው፤ ነጋዴው የራሱ መሆናቸውን ለማወቅ በየጀርባቸው ቀይ ቀለም ቀብቶባቸዋል።

ከዚያ በደንቡ መሠረት ብስክሌቱ ለምርመራ ጋሽ ይመር ዘንድ ገባ። «ባትሪዎቹን በደንብ ሞልቼ፣ አንድ በአንድ አይቼ ነው የማስረክብ፤ የአደራ ነገር ነው» አለ። ርክክቡ ቅሬው በተሰበሰበበት ሆነ። ጋሽ ይመር ቻርጀሩን ነቀለ፣ ጆሮውን ጠረገ፣ ቴስተሯን ከአራቱ ባትሪዎች ጫፍና ጫፍ አስነካ። «ሃምሳ ሦስት! እኔ አይደለሁም የምናገረው!» ብሎ ቴስተሯን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረጋት። «ማሻአላህ!» አለ ሰው። ሼህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ። ጋሽ ይመር ዓይኑን ጨፍኖ አሚን አለ።

ዘሃራ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን ብስክሌቱ ዳገቱ መሃል ላይ ቆመ። መንገደኞች ገፍተው አደረሷት። በማግስቱም ቆመ። ትንሽ ስታሳርፈው ይነሳል፣ ጥቂት ይሄድና ይሞታል። አንዴማ ዝናብ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከቱቦው ጋር አጋጫት፤ ክርኗ ተልጦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ስፌት ቤቱ ደረሰች። ባለቤቲቱ «ዘሃራ፣ አዝንልሻለሁ፣ ግን እንዲህ እስከ መቼ?» አለቻት።

ጋሽ ይመር ዘንድ ወሰዱት። ሞላው፣ ነቀለው፣ ለካው። ሃምሳ ሦስት። «ባትሪው ምንም አልሆነም። አነዳዷ ነው» አለ። ሌላ ጊዜ ወሰዱት። ሃምሳ ሦስት። «ክብደት ነው እንግዲህ» አለ፤ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች እያየ። «ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ይወፍራል። ትንሽ ቀለል ብትዪ ኖሮ ይጎትትሽ ነበር፣ ልጄ።»

በዚያው ሰሞን ደግሞ መብራት ሲጠፋ የጋሽ ይመር ሼድ መጨለም ተወች። መብራት የሚጠፋው መቼም ዘወትር ነው። ሰፈሩ ድርግም ሲል የእሱ አምፖል ቦግ፣ ቴሌቪዥኑ ክፍት። ኳስ ያለ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ እሱ ደጅ ነው፣ ድራማ ያለ እንደሆነ ሴቶቹ። «ኢንቨርተር ገጥሜ ነው፤ የባትሪን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይር፤ ለሰው ብዬ» ይላል። «ኧረ አላህ ይስጥዎ!» ይሉታል። ዘሃራም እናቷ አዝላት መጥታ አንድ ሁለቴ ድራማ አይታለች፤ እሷም መርቃዋለች።

አንድ ጠዋት ሼዴ ደጅ ብስክሌቷን አቁማ ስታሳርፍ ከንፈሯ ነጥቶ አየሁ። «ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። ቁርስ ትቼ ነው።»

«ለምን ትተሽ?»

አቀርቅራ «ጋሽ ይመር ክብደት ነው አሉ እኮ» አለች። «እራትም ትቻለሁ። እስካሁን ግን አልቀለልኩም መሰለኝ።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እንጨት የመሰለች ልጅ! አጥንቷ የሚቆጠር ልጅ፣ ያ ሰውዬ በምላሱ እየላሰ ባረከሰው ባትሪ ምክንያት ትራብ? ነውሩን እዚያው ጣልኩት። የቅሬው ባለሙያ ያሳለፈውን ደግሞ መፈተሽ ነውር ነው አይደል? ይሁን። ቴስተሬን አንስቼ ወጣሁ።

ሽቦዎቹን ከባትሪዎቹ ጫፍና ጫፍ ጋር በፕላስተር አሰርኳቸው፤ ቴስተሩን ሁሉም እንዲያየው መሪው ላይ አንጠለጠልኩት። ጮክ ብዬ ሰው ጠራሁ። ሮማን መጣች፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፉት መጡ፣ ሼህ ሙሄም በመንገዱ ሲያልፉ ቆሙ። ጋሽ ይመር ከሼዱ ብቅ አለ። «ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ? ያየሁትን ባትሪ?»

«ቁጥሩን እናናግረው፣ ጋሽ ይመር» አልኩት። «እርስዎ ብስክሌቱ ቆሞ ነው የለኩት። እኔ ሲሄድ ልለካው ነው።»

ዘሃራ ነዳች። እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ ቁጥሩን እጮሃለሁ። «ሃምሳ አንድ!» ዳገቱ ጀመረ። «አርባ ሰባት! አርባ አራት!» ብስክሌቱ ማቃሰት ያዘ። «አርባ አንድ!» ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ መሪው ላይ ተደፋ። ቆሞ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ ተመልሶ ወጣ፤ አርባ አምስት፣ አርባ ዘጠኝ። «አያችሁ?» አልኩ። «ሲቀመጥ ጎበዝ ነው። ሲሠራ ይወድቃል። እነዚህ ባትሪዎች አሮጌ ናቸው።»

«ቴስተርሽ የማይረባ ነው» አለ ጋሽ ይመር። ከንፈሩ ደርቋል።

ሼህ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው «የአንተን ስጣት» አሉት። አንገቱ ላይ ያለችውን ቢጫ ቴስተር መስጠት ግድ ሆነበት። መርፌዋን በጨርቅ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሰርኳት። ደገምነው። አርባ አንድ ላይ ቀጥ።

ወንበሩን ከፈትን። በባትሪዎቹ ጀርባ ላይ ቀይ ቀለም የለም። እኔ ሳልናገር ሮማን «መብራቱ!» ብላ ጮኸች፤ ሁላችንም የጋሽ ይመርን ሼድ ዞረን አየን። ኮብልስቶን ከሚያነጥፉት ሁለቱ ገብተው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ጨርቅ ገለጡት። አራት ባትሪዎች፣ ቀይ ቀለም በጀርባቸው፣ ከኢንቨርተሩ ጋር ታስረው ተደርድረዋል። ስንቱን ኳስ፣ ስንቱን ድራማ ያየነው በእሷ እግር ነበር።

ወደ ብስክሌቱ መልሰን ገጠምናቸው። እነሱም ዳገቱ ላይ ቆሙ። ያ ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር እስከ መጨረሻው ጠብታ እያራቆተ ገድሏቸው ነበር። ባትሪ እንዲህ ሲራቆት እንደሚሞት ያውቃል፤ ሥራው ነው! ያውቃል፣ ግን ኳሱ አላለቀማ። ሰው ደጁ ተሰብስቦ ሲመርቀው እንዴት ያጥፋው?

የስፌት ቤቱ ባለቤት በዚያው ሳምንት የስፌት መኪናዋን ለሌላ ልጅ ሰጠች። ዘሃራ ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «እውነቷን ነው፣ የዩኒፎርሙ ጊዜ ደርሷል» ብቻ አለች።

ጋሽ ይመር ይባረራል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። ቅሬው የሰፈሩ ሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ። ዘሃራን እናቷ አዝላ አምጥታ መሃል ላይ አስቀመጠቻት። ጋሽ ይመር ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ ያው ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው ማጅራቱ ላይ። ሽማግሌዎቹ ሲያዩት አንጀታቸው ተላወሰ። እኔ ግን ድንጋዩን አየሁት፤ ሲሸከሙት የሚቀል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ነበር። መርጦ ነው ያመጣው! ሰው ለይቅርታ እንኳ ድንጋይ ይመርጣል? እግሯ ሥር ተንበረከከና ማልቀስ ጀመረ፤ ንፍጡ እየወረደ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ ልጄ። ለሰው ብርሃን ላብራ ብዬ ነው። ወላሂ፣ በፈጠረን…»

«ሸምግሏል፣ ልጄ» አሉ አንዱ አዛውንት። «አባትሽ ነው። ይቅር በይውና ዱዓችንን እናድርግ።»

«ለሰፈሩ ስንት የዋለ ሰው ነው» አለ ሌላው።

«ባትሪውስ?» አልኩ እኔ ከሴቶቹ በኩል። «እሱ ወደፊት ይታያል» አሉኝ ሳይዞሩ። ሮማን እንኳ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሁሉም ዘሃራን ያያል፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ቶሎ ብላ እንድትጨርስላቸው።

ዘሃራ ከሽማግሌዎቹ ዞራ ሰውየውን አየችው።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሽ ይመር» አለች። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። «ድንጋዩን ያውርዱት።»

«አልሐምዱሊላህ!» «ተመስገን!» ተባለ። እሱም እፎይ ብሎ ድንጋዩን ወረወረና ሊነሳ ሲል፣ ሁለት እጆቿን ወደ አንገቱ ዘረጋች።

«አሁን ደግሞ እኔን ይሸከሙኝ» አለችው። «ሩቅ አይደለም። ዳገቱ ጫፍ ድረስ፣ ስፌት ቤቱ ነው። ራሴ እለምናታለሁ፤ ሌላ የስፌት መኪና ይኖራት ይሆናል።»

ጋሽ ይመር ሽማግሌዎቹን አየ፣ ዳገቱን አየ። ከዚያ በመዳፉ ንፍጡን ጠረገና «ወገቤን ያመኛል እኮ፣ ልጄ» አለ።

ሼህ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «በሉ፣ አሚን በሉ» አሉ። ሁሉም እጁን ለዱዓ ዘረጋ፤ ጋሽ ይመር አሚን ሲል ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። የዘሃራ እጆች ወደ እሱ እንደተዘረጉ ነበሩ። ዱዓው ሲያልቅ እናቷ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ መጥታም ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለችላት።